ያላየሁት ሕልም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለወንድሜ አልነገርኩም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አልነገርኩም፤ በጸሎቴ እንኳ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ለአንተ በዚህ ወረቀት የምነግርህ ስለማላውቅህ ነው። የማውቅህ ብትሆን አፌን አልከፍትም ነበር።

ዋሸሁ። ሳላይ ሕልም አየሁ አልኩ። በዚያ ውሸት አንዲት ልጅ ከእናቷ ተለየች። ልጅቷ የወንድሜ የተስፋዬ ልጅ ኤፍራታ ናት። ባለፈው እሑድ እዚሁ ጅቡቲ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆና ስትሾም ቤተሰቡ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ።

ምክንያት አልነበረኝም አልልም። ተስፋዬን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር በፈረንሳዮች ቤት ወለል እየወለወልኩ። ሚስቱ አስቴር የድሬዳዋ ወንጌላዊ ልጅ ናት። አምቡሊ ሰፈር ያለው ቤታችን በገባች በወሩ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንግዶች መጡ። "እሷ ቤት ውስጥ የምትረዳን ናት" ብላ አስተዋወቀችኝ። በገዛ ቤቴ! ትሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ተስፋዬም ሰምቶ ዝም አለ። አልረሳሁትም፤ እረሳዋለሁ ብዬም አላታልልህም።

ከዚያ አስቴር ሁለት ጊዜ አስወረዳት። ሦስተኛውን ስታረግዝ ፍርሃት ይዟት እኔ ዘንድ መጣች። "እትዬ፣ ጸልዪልኝ። የአንቺን ጸሎት ጌታ ይሰማል" አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። ጸለይኩላት? አልጸለይኩም። በማግስቱ ጠርቼ ሕልም አየሁ አልኳት። "ልብሷ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሴት አልጋሽ ግርጌ ቆማለች። አስቴር ሴት ልጅ ትወልዳለች፣ ልጅቷ ግን የጌታ ናት፤ ለራሷ ከያዘቻት አትኖርላትም፤ ሰባት ዓመት ሲሞላት ለአገልግሎት ትስጣት አለችኝ" አልኳት።

ምንም አላየሁም ነበር። ብትወልድም "የኔ" እንዳትላት ፈለግኩ። ሌላ ስም የለውም።

ሴቲቱን ግን ከሐሳቤ አልፈጠርኳትም። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ዓሣ አጥማጆች አንዲት ሰጥማ የሞተች ልጅ ከባሕር አውጥተው አሸዋው ላይ አስተኝተዋት ነበር። ወደ የመን ለመሻገር ከሚነሱት ከእኛው አገር ልጆች አንዷ ናት። የጸጉሯ ግማሽ ሹሩባ ነበር፤ ግማሹ ተፈትቶ አሸዋ ለብሷል። አንዱ አጥማጅ በሶማልኛ "ያገርሽ ልጅ ናት፣ ታውቂያታለሽ?" አለኝ። "አላውቃትም" ብዬ አለፍኩ። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር። ለውሸቴ ሰው ስፈልግ የመጣችልኝ እሷ ናት። የጸጉሯን ነገር ግን ለአስቴር አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

ኤፍራታ ተወለደች። አስቴር ልጇን እንደ ሰው አደራ ነበር የያዘቻት፤ ስማት እንኳ ቶሎ ታስቀምጣታለች። ሰባት ዓመት ሲሞላት ድሬዳዋ ላሉት ወንጌላዊ አያቷ ልንልካት ባቡር ጣቢያ ወሰድናት። ያኔ አሮጌው ባቡር ገና ይሠራ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አልለቅም አለች። እናቷ ቆማ ታለቅሳለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። እኔ።

ከዚያ በኋላ አያቷ አሳደጓት፤ ናይሮቢ ሄዳ ሥነ መለኮት ተማረች፤ እዚያው አገልጋይ ሆነች።

ሹመቷ በቤተሰቧ ፊት እንዲሆን ፈልጋ እዚህ መጥታ፣ ቅዳሜ በቀትር፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት ክፍሌ ገባች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አክስቴ፣ እማዬ የነገረችኝ ሕልም... ያየሻት ሴትዮ ጸጉሯ እንዴት ነበር?"

"ማን ያስታውሰዋል! ስንት ዘመኑ።"

"ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ የተፈታ አልነበረም?"

ያንን ጸጉር ከእኔ በቀር ያየ የቤት ሰው የለም።

በሰባት ዓመቷ ሴትዮዋን ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እንዳየቻት ነገረችኝ። ከቀሚሷ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሌላው ተሳፋሪ ግን ቦታው ባዶ ይመስል ዕቃውን እላይዋ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋም ናይሮቢም ትመጣለች፤ ሁልጊዜ በቀትር።

"ምን ትልሻለች?" አልኳት።

"አንድ ነገር ብቻ። 'ወደ እናትሽ ተመለሺ' ትለኛለች። ሰይጣን ከጥሪዬ ሊያስወጣኝ መስሎኝ ይህን ሁሉ ዓመት በኢየሱስ ስም ስገሥጻት ኖርኩ። እውነቱን ንገሪኝ አክስቴ። 'ለአገልግሎት ትስጣት' ያለችሽ እሷው ናት?"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለመጀመሪያው ውሸት ቂም ነበረኝ፤ ለሁለተኛው ምን ነበረኝ? ልጅቷ ምን አድርጋኝ ነበር?

"እሷው ናት" አልኳት። "ነገ ተሾሚ፤ ወደ ኋላ አትዪ።"

ግንባሬን ስማኝ ወጣች።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከጎኔ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ሊቀመጡበት መጥተው "ረጥቧል" ተባብለው አለፉ። ከናይሮቢ የመጡት መጋቢ እጅ ከመጫናቸው በፊት እንደ ሥርዓታቸው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "በዚህች እህት ሹመት ላይ ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር" አሉ። ሁሉም ወደ ፊት ያያል፤ ተንበርክካ የነበረችው ኤፍራታ ግን አንገቷን መልሳ እኔን አየችኝ። አይ፣ እኔን አልነበረም። ከጎኔ ያለውን ወንበር ነበር የምታየው። ቀና ብዬ ወደዚያ ለማየት አልደፈርኩም። ዝም አልኩ። ዝም ማለትም ሦስተኛው ውሸቴ ነው።

ከሹመቱ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ፍየል ታርዶ ሩዝና ሳምቡሳ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ "ሴት መጋቢ! ገና ስንት ጉድ እንሰማ ይሆን?" ሲሉ፣ ተስፋዬ "ጋሼ፣ መጀመሪያ የያዙትን ሳምቡሳ ይዋጡ!" አላቸውና ሰው ሁሉ ሳቀ። አስቴር ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ሳህን ይዛ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ልጇ መጣች።

"ፓስተር፣ ይብሉ እንጂ።"

የወለደቻትን አንቱ! ጉንጯን ልትዳብስ እጇን አነሣችና መንገድ ላይ መለሰችው። "ይቅርታ፣ ፓስተር" አለች።

"እማዬ፣ አንቺ በይኝ በጌታ።"

"ኧረ እንዴት ተደርጎ! የእሱ ነዎት እንጂ የኔ መቼ ነዎት?"

እንግዲህ ይህን ነበር የፈለግኩት። ከአፏ ሰማሁት። ለአንድ አፍታ፣ ልደብቅህ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ከውሸቱም ይልቅ ይህ ደስታዬ ያስፈራኛል።

ኤፍራታ ነገ ጠዋት ወደ ናይሮቢ ትበራለች። ይቅርታ አልለምንም፤ በደሉን ሳይናገሩ ይቅር በሉኝ ማለት ሌላ ስርቆት ነው። ይህን ወረቀት ለአስቴር ብሰጣት ዓይኗ አያነብላትም። ለኤፍራታ ብሰጣት እናትዬዋ ከልጇ አፍ ትሰማዋለች፤ ያንን ሸክም ደግሞ በልጅቷ ላይ አልጭንም። ስለዚህ በዚያው በዋሸሁበት አፌ ለሁለቱም እኔው ላነብላቸው ነው። ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ቀትር ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ እነሱ ግን ነቅተዋል። የሚመልሱልኝን እዚህ አልጽፈውም። እሱ የእነሱ ነው።