የየኔታ ወልደ ሥላሴ ክንድ

ዶክተር ሜላት የቆዳ ሐኪም ለመሆን ስትማር ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። መጽሐፉን እንደሆነ እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች። ችግሩ፣ መጽሐፍ ላይ ያለ ቆዳ አይዋሽም። እሷና አስተማሪዋ ዶክተር አድማሴ ለአንድ ቀን ወደ መጡባት፣ ቡሬ አጠገብ ወዳለችው ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው ግን፣ ኧረ እሱስ ሌላ ነው!

አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ፍኖተ ሰላም ሊመለስ ነው። የሜላት የመጨረሻ ታካሚ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ሆኑ፤ አርባ ዓመት አቋቋም ያስተማሩ፣ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው። ቀኝ ክንዳቸው ላይ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ነጣ ብሏል። ጭርት ከሆነ ቅባት ይበቃዋል። ያኛው፣ ሰው ስሙን የማይጠራው ከሆነ ግን፣ ዛሬ ካለፋት ጣቶቻቸው ቀስ በቀስ ይኮማተራሉ፤ ያ እጅ ጸናጽል መያዙ ያበቃል።

«የኔታ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። ጥጡ ሲነካዎ ‹እህ› ይበሉኝ።»

ነካች። «እህ።» ነካች። «እህ።» አንዱንም አልሳቱ። ቆዳው መነካቱ ከተሰማው ነርቩ ደኅና ነው ማለት ነው። ሜላት እፎይ ብላ «ጭርት» ብላ ጻፈች። የኔታ እጅጌያቸውን ለማውረድ ተጣደፉ።

ዶክተር አድማሴ ብቅ ብሎ፣ «ሜላት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሹፌሩ እኮ ተነሥቷል!» አላት።

«መጣሁ» አለችና እግራቸውን አየች። የኔታ ሳይታወቃቸው አውራ ጣታቸው መሬቱን በልክ ይመታል። ክው አለች። እሷም እኮ ጥጡን ስታሳርፍ የነበረው በእኩል ልክ ነው! አርባ ዓመት ምት ይዘው የኖሩትን ሰውዬ በምት ነው የፈተነቻቸው።

«ይቅርታ የኔታ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና አንዴ ልድገመው።» ሦስት ጊዜ በልኩ ነካችና፣ ሦስቱንም «እህ» ሲሉ፣ ጥጡን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«እህ» አሉ። በልኩ ደግሞ፣ «እህ።»

«የኔታ» አለች፣ «አሁን እኮ አልነካሁዎትም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ስንቴ ነው ያልነካሽኝ?»

«ሁለቴ።»

«እኔ ግን ከጅምሩም አንዱም አልተሰማኝ፣ ልጄ።»

ሜላት ተናደደች፤ በእሳቸው ሳይሆን በገዛ እጇ። ወረቀቱን ቀደደችው። አድማሴን ጠርታ ክርናቸው ሥር ያለውን ነርቭ አስዳሰሰችው። እንደ ጅራፍ ገመድ ወፍሯል። አድማሴ አንገቱን ነቀነቀና ሹፌሩን ሞተር እንዲያጠፋ ሊነግረው ወጣ።

«ይድናል» አለቻቸው። «መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ አንድ ዓመት ነው የሚወስዱት። ከጀመሩ ወዲያ ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን አብረውዎት የሚያድሩት ተማሪዎች መታየት አለባቸው። ዛሬውኑ።»

«ስሙ ከወጣ ጉባኤዬ ተበተነ ማለት ነው። ማን ልጁን እኔ ዘንድ ያሳድራል?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እባክሽ ሌላ ስም ስጪውና ልጥራቸው።»

ሜላት እሺ ለማለት ምንም አልቀራት።

«የኔታ፣ ሌላ ስም ከሰጠሁት እነሱም እንደርስዎ ‹እህ› ብለውኝ ይሄዳሉ።»

የኔታ ተነሥተው በሩን ከፈቱ። ደጅ ላይ አብረዋቸው የመጡት ስድስት ተማሪዎችና የካርድ ወረፋ የያዙ ሰዎች ቆመዋል።

«ልጆቼ» አሉ ማኅሌት በሚመሩበት ድምፅ፣ «ሥጋ ደዌ ይዞኛል። ይድናል ተብያለሁ። እናንተም ግቡና ታዩ።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከተማሪዎቹ ሁለቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሜላት እኔ ነኝ ያስበተንኩባቸው አለች በልቧ።

ትልቁ ተማሪ አንዷለም ግን ከአጠገባቸው አልተነቃነቀም። አቀርቅሮ የግራ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ።

«የኔታ» አለ፣ «እኔም ከፋሲካ ወዲህ ደብቄዎታለሁ።»