ኢንትሪኬት የተባለው ዳንቴል

በደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። መዝገበ ቃላቱን ከነሽፋኑ ውጬዋለሁ፤ እንግሊዞች ራሳቸው ቃል ሲጠፋባቸው ወደ እኔ ቢልኩ አይከስሩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጄ፣ «አባዬ፣ ኢንትሪኬት ምን ማለት ነው?» ስትለኝ ግን መዝገበ ቃላቱን አንሥቼ ሰጠኋት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ውርጭ ያረጠበው የሱፍ ሹራብ ሽታ፣ የጠመኔው ብናኝ፣ በተሰበረው መስኮት የምትገባው የጠዋት ፀሐይ፣ ሁሉም ተግተልትለው መጡብኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኛ አሥራ አንደኛ ክፍል። ከፊቴ የምትቀመጠው ልጅ፣ መምህሩ ዞር ባሉ ቁጥር ከዴስኩ ሥር ዳንቴል ትሠራለች። ምን ልበልህ፣ ትምህርት ቤት የምሄደው የእሷን ማጅራት ለማየት ነበር። አንድ ጠዋት የእንግሊዝኛ መምህራችን ያንን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉና «ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ!» አሉ። ዘልዬ ተነሣሁ። ያኔ የከባድ ቃል ሁሉ ቦታው የውይይት ክበብ ይመስለኝ ስለነበር፣ ኢምፔሪያሊዝምን፣ ፊውዳሊዝምንና ቢሮክራሲን በአንድ ትንፋሽ ደርድሬ ሁሉንም ኢንትሪኬት አልኳቸው።

«ጓድ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ቀስቅሰን» አሉ መምህሩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች።

ከኋላዬ ከአንኮበር የመጣው ዝምተኛው የቄስ ልጅ ተነሣ። «የእሷ ዳንቴል ኢንትሪኬት ነው» አለ፣ በአጭር እንግሊዝኛ።

«አምጪው እስቲ!» አሏት። ልትቀጣ ነው አልን። መምህሩ ግን ዳንቴሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። «አያችሁ? አስቸጋሪ ማለት ብቻ አይደለም። ክሩ ክር ውስጥ እየገባ እየወጣ፣ ደጋግማችሁ እንድታዩት የሚያደርግ ማለት ነው።»

መለሱላት። ዞር ብላ አየች፤ እኔን አልፋ፣ እሱን። እኔ ኢምፔሪያሊዝሜን ታቅፌ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓት ቆሎ የሚካፈሉት እነሱ ሆኑ። እኔ ከሩቅ ቆሜ ነፋስ እቆጥር ነበር።

በዓመቱ እሱን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ። ለቅሶ አንኮበር ወረድን። እሷ የቄሱን ቤት ግድግዳ ተደግፋ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ነጠላዋ እስኪርስ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ ሁለት ሰው ደግፎ እስኪያወጣኝ ድረስ። «እንዲህ ነው ጓደኛ!» አሉ ለቀስተኞቹ።

ያለቀስኩት ግን ለእሱ አልነበረም። እኔ ብሞት እሷ እንደዚያ እንደማታለቅስልኝ ስለገባኝ ነው።