በቦታዬ የቆመው ድንጋይ

ላሊበላ ላይ ክሪኬት ተጫውቻለሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ፣ ለምጄዋለሁ። አንድ የተማረ ዘመዴማ «ገና ጨዋታ ነው የተምታታብሽ» ብሎ ሊያርመኝ ተነሣ። ገናን የማላውቅ መሰለው! ገና የወንዶች ነው፤ በኛ ጊዜ ሴት ልጅ ዱላውን ብትነካ እንኳ ያፏጩባት ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ቀደም ባሉት ዓመታት፣ ስምንት ሴት ተማሪዎች ሆነን በተተወ አውድማ ላይ የተጫወትነውን ነው።

ያመጣችብን የሂሳብ መምህራችን ናት። ከህንድ አገር ከባሏ ጋር በኮንትራት የመጣች፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሳሪዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ እንደ ልጅ የምትሮጥ ሴት ነበረች። «ሚስ» ነበር የምንላት። ባሏ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ ስለሱ ሌላ የማስታውሰው ነገር የለኝም። አማርኛዋ ጉድ ነው፤ ለመምቻው እንጨት «እሳቸው»፣ ለርዕሰ መምህሩ «አንተ» ትላለች። ስንስቅባት አብራን ትስቃለች። ኳስ ከያዘች ግን ሳቅ የለም።

አገሯ ላይ ተጫዋች ነበረች። እንደነገረችን በዚህ ጨዋታ የዓለም ዋንጫ የሚባለውን የጀመሩት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ሁለት ዓመት ቆይተው ነው የተከተሉ። የመጀመሪያው እንግሊዝ አገር ተደረገ፣ ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱት። ከተሰለፉት ቡድኖች አንዱ አገር አልነበረውም፤ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሴቶች ናቸው በአንድ ላይ የተሰለፉበት። ሁለተኛው ዙር የሚስ አገር ላይ ሊሆን፣ እሷም ለመመረጥ ጥቂት ሲቀራት፣ ባሏ የኢትዮጵያን ኮንትራት ፈርሞ ይዟት መጣ። ጨዋታው ሲጀመር እሷ እዚህ አንዱን ክፍል ማባዛት ታስተምር ነበር። «በእኔ ቦታ ማን ቆመች? እኔ አላውቅም» አለችን አንድ ቀን። ድምፅዋ ለየት ብሎብኝ ቀና ብዬ አየኋት። በዚያ ዙር ከተጠሩት ውስጥ የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥተው የቀሩ ነበሩና አራት አገሮች ብቻ ተጫወቱ። ይህን ስትነግረን ትናደዳለች። ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አትወድም ነበር።

አንዷ ስትመታ ዙሪያዋን አሥራ አንድ ሰው መቆም አለበት። ከየት ይምጣ! ሚስ ከአውድማው ጠርዝ ጉልበት የሚደርሱ ድንጋዮች አስነሣችንና ሰው በጎደለበት ሁሉ አቆመቻቸው። «አሁን ሙሉ ነን» አለች። ኳሱን ኮርቻ ሰፊ በቆዳ ሰፋልን፣ መምቻውን አናጢ ከወይራ ጠረበልን። ጓደኛዬ ከመቺዋ ጀርባ፣ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች ኋላ ትቆማለች፤ እኔ ከሷ በስተቀኝ አምስት እርምጃ ርቄ እቆማለሁ። ጓደኛዬ ስል እንዲሁ የሰፈር ልጅ ማለቴ አይደለም። አንድ ደብተር ለሁለት የምንጽፍ፣ የሷ እናት ስትቆጣኝ የኔ እናት የማትጠይቅ፣ እንደዚያ ነበርን።

የሰፈሩ ሰው ነገሩን መጀመሪያውኑም አልወደደው። አውድማ እህል ሲኖርበት ሴት አትረግጠውም፤ ወንዱም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባ። ያ አውድማ ደግሞ ባለቤቱ ልጅ ሳይወልድ ሞቶ የተተወ ነበር። «ቆሌው እዚያው ነው፣ ምን ቆርጧችሁ ትጨፍሩበታላችሁ!» ይሉን ነበር አሮጊቶቹ። እኛ ምን ግዳችን! ሜዳ በጠፋበት አገር ሜዳ አግኝተናል።

ሦስተኛው የዓለም ዋንጫ ኒውዚላንድ በተደረገ ጊዜ ሚስ ሬዲዮኗን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰነበተች። ስለ ሴቶቹ አንዲት ቃል የተነፈሰላት የለም። ከወራት በኋላ እህቷ የጋዜጣ ቁራጮች በደብዳቤ ላከችላትና ውጤቱን ሳትነግረን እያንዳንዱን ጨዋታ እኛው እንደገና እንድንጫወተው አደረገች። ያለቀ ጨዋታ ነበር የምንጫወተው። የመጨረሻው ቀን እኔና ጓደኛዬ አውስትራሊያ ሆንን፣ እነዚያ እንግሊዝ። ጉም ወርዶ ድንጋዩና ልጁ አይለይም ነበር፤ «ያዢው!» ብዬ ለድንጋይ የጮህሁበት ጊዜ አለ። አሸነፍን። ሚስ ወረቀቷን ዘርግታ አነበበችልን፤ ያሸነፈችው አውስትራሊያ ናት። በደስታ አበድን። ጓደኛዬ ብቻ አልጨፈረችም።

«አስቀድሞ ተጽፎ ኖሯል ማለት ነው?» አለችኝ።

«ጋዜጣ ነዋ፣ ምን ይደረግ!» አልኋት። አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ መጉደል ጀመርን። መጀመሪያ አንዷን ልጅ አባቷ ብልባላ ዳራት። ሚስ ሁለት ቀን ጠብቃ በልጅቷ ቦታ ድንጋይ አቆመች። ሁለተኛዋ አንድ ሰኞ ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም፤ ጫካ ገባች ተባለ። በሷም ቦታ ድንጋይ ቆመ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ልክ ነው፤ ሰው ይሄዳል፣ ድንጋይ ይቆማል። ሦስተኛው ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አንድ ረፋድ ላይ ስንመጣ፣ ሁልጊዜ ከዳር በምትቆመው በጥርሰ ፍንጭቷ ልጅ ቦታ ላይ ድንጋይ ቆሟል። ልጅቱ ራሷ ከጎናችን አለች! ሚስ «ማን አቆመ?» ብላ ተቆጣች። ሁላችንም ማልን። ልጅቱ ሳቀችና ሄዳ ተቀመጠችበት። በሁለተኛው ሳምንት በተስቦ ሞተች።

የፈጣሪ ያለህ! አገሩ ተንጫጫ። ልጆቹን የምትጠራው ህንዷ ናት የሚል ወሬ ተነሣ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ «አጉል እምነት ነው፣ እንዳልሰማ» ብለው ተቆጡኝና ለማንኛውም ሰባት ቀን ጠበል አጠጡኝ። አምስት ቀርተን ነበር። ጨዋታውን ለምን እንዳልተውን አትጠይቁኝ። ብንተው ፈራን ማለት ይሆናል፤ ፈራን ካልን ደግሞ እውነት ሊሆን ነው። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ቅዳሜ ጧት ኪዳን ደርሶ ስመለስ መንገዴ በአውድማው በኩል ነበር። ጉሙ ከበድ ያለ ነው፤ ድንጋዮቹ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚወጡት። ከልማዴ ቆጠርኋቸው። አንድ በዛ። ደግሜ ቆጠርሁ። ተጠግቼ ባይ የተረፈው በእኔ ቦታ ላይ ቆሟል፣ ልክ እኔ እግሬን ከማደርግበት።

አባቴም፣ ጠበሉም፣ አጉል እምነቱም በዚያች ሰዓት ከጭንቅላቴ ጠፉ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ እንዳይቆም። ጎንበስ ብዬ አቀፍሁት። ከባድ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ደረቴን አቀዘቀዘው። ወደ ጠርዙ ወስጄ ልጥለው እችል ነበር። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰፊ ገደል አጠገቤ ነበር! እኔ ግን የጠራውን ሳያገኝ የማይሄድ መሰለኝ። አምስት እርምጃ ተራመድሁና ጓደኛዬ ከምትቆምበት አቆምሁት። ከሌሎቹ ልጆች ከአንዳቸው ቦታ ላድርገው አላልሁም፣ ቅርቡ የሷ ነበር። ቤቴ ገብቼ ጭቃ የነካ ቀሚሴን አጠብሁ።

ረፋድ ላይ ሁላችንም ደረስን። ጓደኛዬ ድንጋዩን አየችው። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ቀጥሎ ዞር ብላ የኔን ባዶ ቦታ አየች፣ እንደገና ድንጋዩን አየች፣ ከዚያ እኔን። አወቀችብኝ አልሁ። ሄዳ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመችና «ወርውሪ» አለች። ሚስ መምቻውን መሬት ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ድንጋዮቹን ሁሉ አስነቅላ ገደል አስገባችና ጨዋታው በዚያው ቀረ። ኮንትራታቸው ሲያልቅ ከባሏ ጋር ሄዱ።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ጓደኛዬ አልሞተችም። እኔም ጅል ነበርሁ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እሷ ግን ተለወጠች። ስንስቅ መሃል ላይ ትታ ትሄዳለች። ገብሱ ሳያፈራ በቀረበት ዓመት እናቷ እህል ፍለጋ ቆላ እንውረድ ስትል «ምን ያደርግልናል» አለች አሉ። ልነግራት ስንት ቀን ተነሣሁ። አፌን ይይዘኛል። ነገ እነግራታለሁ፣ እሑድ እነግራታለሁ እላለሁ።

ሰባ ሰባት ገባ። ስለዚያ ዓመት ብዙ ስለተወራ እኔ አልጨምርበትም። አንድ ቀን ስንዴ ይታደላል ተብሎ ከከተማው በታች ካለው ሜዳ ተጠራን። እናቴ ታማ ስለተኛች ጆንያ ይዤ ብቻዬን ሄድሁ። ጓደኛዬ ከእናቷና ከሁለት ትንንሽ ወንድሞቿ ጋር መጥታ ነበር። እንደተሰበሰብን ወታደሮች ከበቡን። ሰፈራ ነው፣ ወደ ምዕራብ ሊወስዱን ነው የሚል ድምፅ ሲነሣ ሰው በሸለቆው በኩል መሮጥ ጀመረ። ወታደሮቹ ጥቂት ነበሩ፣ የሮጠው ሁሉ አመለጠ። እጇን ይዤ ጎተትኋት።

«ሩጪ!»

እጇን ከእጄ አወጣች። «የት ልሩጥ? እኔ ላይኮ ቆሞብኛል» አለች፤ ልክ ወንዝ ሞልቷል እንደሚባለው ረጋ ብላ ነው ያለችው። «አንቺ ሂጂ። ባንቺ አይደለም።»

እናቷ ፊት ፊቷን ታያለች፤ ልጄ የምትለውን እሠራለሁ ብላ ነው። ትንንሾቹ ቀሚሷን ይዘዋል። «እኔ ነኝ ያቆምሁት» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ብላት ትሮጥ ነበር፤ ቢያንስ ተናዳ ትከተለኝ ነበር። አላልኋትም። ሮጥሁ። ሸለቆው ጫፍ ደርሼ ዞር ስል አራቱም ተያይዘው ወደ መኪናው በእግራቸው ሲሄዱ አየኋቸው፤ የሚነዳቸው ወታደር እንኳ አልነበረም።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። አላወቅኋትም። ፀጉሯ ሳስቷል፣ ዓይኗ ቢጫ ነው። ስሜን ስትጠራ በድምፅዋ አወቅኋት። ኧረ እንዴት አድርጌ እንዳቀፍኋት! ብቻዋን ነበረች። እናቷን የመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰዳት፣ ትንንሾቹ አንድ ወር ሳይሞላ ተከተሏት። አልቅሰን ስንበቃ እግሬ ላይ ወደቀች። ላነሣት ብል እምቢ አለች።

«ይቅር በዪኝ። እዚህ ድረስ የመጣሁት ይህን ልነግርሽ ነው» አለችኝ። «ያ ድንጋይ መጀመሪያ የቆመው እኔ ቦታ ላይ ነበር። ዓርብ ሲመሽ ከምንጭ ስመለስ አየሁት። ፈራሁና ተሸክሜ አንቺ ቦታ ላይ አቆምሁት። ጧት ስንመጣ ግን ተመልሶ እኔ ቦታ ቆሟል! የተጎተተበት ፋና እንኳ መሬቱ ላይ አልነበረም። ባንቺ ላይ ክፉ ስላሰብሁ ፈጣሪ መለሰብኝ። በራሱ እግር የመጣን ነገር ወዴት እሸሸዋለሁ? ለዚያ ነው ያልሮጥሁት። እናቴንም ያስቀረሁት ለዚያ ነው።»

መጀመሪያ ማን እንዳቆመው እኔም እሷም አናውቅም። የመለሰው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እግሬን ይዛ ሽቅብ ታየኛለች፣ ከአፌ የሚወጣውን ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ ደረቴ ላይ ያ እርጥብ ድንጋይ የነካኝ ቦታ እየቀዘቀዘኝ ነው። ልናገር አፌን ከፈትሁ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኋት።

ጉልበቴን ስማ ተነሣች። «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።