መኪናው ውስጥ የተቆለፈው ከፈን

ወንድሜ የሞተው ዲንሾ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ንጋት ላይ ነው። እኔ ሮቤ ነበርኩ፤ ስልኩ ሲደወል ሱቄን እየከፈትኩ ነበር። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ አሉኝ። ሱቁን መልሼ ቆለፍኩ። ሌላ የተሰማኝ ነገር አልነበረም። ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ የነካ እጅ እንደሚሆነው ሆኜ ነበር፤ አለ፣ ግን የራስ አይመስልም።

አንድ ሥራ ነበረብኝ። ወንድሜ ሐጅ የሄደ ጊዜ ከፈኑን፣ የሚገነዝበትን ነጭ ጨርቅ፣ በመካው የዘምዘም ውኃ ነክሮ፣ አድርቆ ይዞት መጣ። ሚስቱ «ይህ ጨርቅ ያለበት ቤት አላድርም» ስላለች እኔ ዘንድ አስቀመጠው። «አደራ፣ በሌላ እንዳትቀብሩኝ» አለኝ። ዓመታት ሳጥኔ ውስጥ ቆየ። አንዳንዴ እያወጣሁ አናፍሰው ነበር። ያን ቀን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

መኪናው የልጄ ነው። ጎባ በነርስነት ትሠራለች። እሷ ከሴቶቹ ጋር በሚኒባስ ቀድማ ሄዳ መኪናዋን ለእኔ ተወችልኝ። ቁልፉ ቁልፍ አይመስልም፤ ጥቁር ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ኪስ ውስጥ ካለ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ከራቀ መኪናው ራሱ ይቆለፋል። «አባ፣ የቁልፉ ባትሪ ደክሟል። አንዳንዴ መኪናው አያውቀውም። ከኪስዎ አያውጡት» ብላኝ ነበር። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው መሆኔን ነገርኳት።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በስኳር ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው። መንዳትንም፣ ሂሳብንም፣ ቁርአን መቅራትንም ያገኘሁት በራሴ ልፋት ነው። ይህን ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከሚበቃው በላይ። ያልነገርኳቸው ግን አለ። አስተማሪ ሳይኖረው የተማረ ሰው ክፉ አመል ያበጃል፤ የሚነግረው ሰው ሁሉ የማያውቅ ይመስለዋል።

ዲንሾ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ከመንገዱ ዳር ያለች ትንሽ መስጊድ ላይ አዛን ተሰማ። መኪናውን አቆምኩ። ሰው ቢጠይቀኝ ለሶላት ነው እል ነበር። ዲንሾ ደርሼ መስገድ እችል ነበር። እውነቱ፣ የሟችን ገላ ማጠብ የወንድም ድርሻ ነው፤ አጥበው እስኪጨርሱ መዘግየት ፈልጌ ነው። የልጅነት ገላውን አውቀዋለሁ። ሬሳውን ደግሞ ማየት አልፈለግሁም።

ለሶላት ለመታጠብ፣ ዉዱእ ለማድረግ፣ ጃኬቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ ጣልኩ፣ እጅጌዬን ጠቀለልኩና ወረድኩ። ቁልፉም ስልኬም ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ኋላዬ መኪናው አንድ ጊዜ ጢጥ ሲል ሰማሁ። አልዞርኩም። ሰግጄ ስመለስ አራቱም በር እምቢ አለ።

አዛን ያሉት የመስጊዱ ሙአዚን ሽማግሌ ናቸው። እያነከሱ መጡ።

«አካም ጂርታ! ምነው፣ በሩ እምቢ አለህ?»

«ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ ነው።»

«ታዲያ ማን ቆለፈው?»

«ራሱ።»

«ራሱ መቆለፍ ካወቀ ራሱ ይክፈታ! ይሄ መኪና ነው ወይስ አማች?» ብለው ሳቁ። በመስታወቱ ወደ ውስጥ አጮለቁ። «ያ የተጠቀለለው ምንድነው?»

«የወንድሜ ከፈን ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። «ኢና ሊላሂ» አሉና ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ስልክ አወጡ። «በል ደውል።»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። የልጄን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። የማንንም አላውቅም። የማውቀው የራሴንና የወንድሜን ብቻ ነው፤ ሲም ካርዱን በአንድ ቀን ስለገዛን የሚለያየው የመጨረሻው ቁጥር ነው። የራሴ ስልክ መኪናው ውስጥ ይጮኻል። ከፈኑ የት ደረሰ የሚሉ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ።

ለሞተው ወንድሜ ደወልኩ።

«ሄሎ» አለች ሚስቱ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ፣ የት ነህ? ታጥቦ አለቀ እኮ። ሰዉ ሁሉ ቁሞ ከፈኑን ነው የሚጠብቀው።»

የሆነውን ነገርኳት። 

«ያ ጨርቅ ቤቴ አይገባም ብዬ ነበር» አለች። «ይኸው አልገባ አለ።» ከዚያ ስልኩን ለልጄ ሰጠቻት።

ልጄ አልተቆጣችም። ድምፅዋ የነርስ ድምፅ ነበር። «ትርፍ ቁልፉ ጎባ ነው። ሰው ልከን እስኪመጣ የአስር ሶላት ያልፋል። አባ፣ ይስበሩት።»

«ምኑን?»

«የኋላውን መስታወት። ከዚያ ቁልፉን ከማስነሻው ጋ አስጠግተው ይያዙት፣ ይነሳል።»

«እንዴት ደህና ንብረት እሰብራለሁ?»

«መስታወት ነው እኮ፣ አባ።»

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የፋኖስ መስታወት ሰብራ በቀበቶ ገርፌያት ነበር። ያኔም እያለቀሰች ያለችኝ ይህንኑ ነው። እሷ ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም። ያኔ ንብረት ማክበር እያስተማርኩ ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው፣ ተናድጄ ነበር።

ሽማግሌው ድንጋይ አቀበሉኝ። «ቢስሚላህ በል» አሉ። የመጀመሪያው ምቴ ለይምሰል ነበር፤ ድንጋዩ ነጥሮ ተመለሰ። «ኧረ ጎበዝ፣ እያባበልከው ነው እንዴ!» አሉኝ። በሁለተኛው ረገፈ። መኪናው ይጮህ ጀመር። መስታወቱ እንደ በረዶ ደቆ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። የአንሶላው ጫፍ ተገልጦ ስለነበር ጨርቁም ውስጥ ገባ። አውጥቼ መንገዱ ዳር አራገፍኩት፣ ደግሜ አራገፍኩት። እዚያ ቀን ከሌት የማያቋርጥ ነፋስ አለ፤ ጨርቁን ከእጄ ሊነጥቀኝ ሲል ሽማግሌው በሌላው ጫፍ ያዙልኝ። ሁለታችን አጠፍነው። ልጄ እንዳለችኝ ቁልፉን አስጠግቼ መኪናውን አስነሳሁ፤ ሽማግሌውን ላመሰግናቸው ሲገባኝ «ይቅርታ» ብያቸው ሄድኩ።

ስደርስ ወንድሜ ታጥቦ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ ጣውላው ላይ ነበር። አጣቢዎቹ ከፈኑን ተቀብለው ዘረጉት።

«ቆዩ» አልኩ።

ተንበርክኬ በመዳፌ ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩት። ቀስ ብዬ፣ ስፌት የሌለውን ያንን ነጭ ሁሉ። አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ። «በቃ፣ ሶብር አድርግ» አለኝ። እያለቀስኩ መስሎት ነው። አላለቀስኩም። መስታወት ነበር የምፈልገው። ከእግሩ በኩል፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ፍሬ አገኘሁ። ጨብጬ ኪሴ ከተትኳት። እንዳይወጋው ነው፤ የሞተ ሰው ቢወጋ እንደማያመው ግን አውቃለሁ።

ልነሳና ወደ በሩ ልሸሽ ስል ከአጣቢዎቹ አንዱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንድም ነህ አይደል? በራስጌ በኩል ያዝ።»

ሌላ ምክንያት አልቀረኝም። እጄን አንገቱ ሥር አስገብቼ ያዝኩት፤ አነሳነው፣ ጨርቁ ላይም አኖርነው። ቀዝቃዛ ነበር። የእኔም እጅ ቀዝቃዛ ስለነበረ ልዩነቱ አልታወቀኝም።