ለካሜራ የታጨደ ጤፍ

ያን ፊልም ባሰብሁት ቁጥር እስካሁን ያንገበግበኛል። ቡሬ ሳስተምር የሆነ ነው። የግብረ ገብ መምህራችን፣ ተማሪዎች በስልካቸው አጫጭር ታሪክ እየቀረጹ ሥነ ምግባር ይማሩ የሚል ሐሳብ አመጣ። ከየትምህርት ቤቱ የተሻለው ፍኖተ ሰላም ላይ ይሸለማል ተባለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄው ነበር። ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው የማይረባ ነገር ሲያዩ ከሚውሉ የራሳቸውን ሰው ታሪክ ቢሠሩ ምን ክፋት አለው?

ርዕሱ መረዳዳት ሆነ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ጤፋቸው ደርሶ አጫጅ አጥተዋል። መምህሩ ሄዶ፣ ዓርብ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዤ ደቦ እወጣልዎታለሁ አላቸው። ሴትዮዋ አመኑ። ለምን አያምኑ? እዚያ አገር ደቦ የወጣ ሰው ማሳው ሳያልቅ ማጭዱን አያስቀምጥም። በኋላ መጥተው እናጭድልዎታለን ያሏቸውን የጎረቤት ልጆች እንኳ፣ ተማሪዎቹ ይበቁኛል ብለው ወደ ሌላ ማሳ ሸኟቸው። ባለችው ገብስ ጠላ ጠመቁ፣ ሽሮና ጎመን ሠርተው ጠበቁን።

እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ማጭድ ይዘው ተሰለፉ፤ ትንሽ ታጨደ፣ ሳቃቸው ተደጋግሞ ተቀረጸ። ከዚያ መምህሩ ላባችሁ አይታይም ብሎ ፊታቸው ላይ ውኃ አስረጨ። ጉድ እኮ ነው! የታጨደው ለላብ አልበቃ ብሎ ላብ በጠርሙስ መጣ። ቀጥሎም የሴትዮዋን ድግስ በልተው፣ ጠላውን ጠጥተው፣ ብርሃኑ አይመችም ተባለና ተነሱ። ጤፉ እንደቆመ ነው።

ደሜ ፈላ። ምን ማለትህ ነው ብዬ መምህሩን ብጠይቀው፣ ዋናው መልእክቱ ነው፣ የቀረውን ሰኞ እንጨርሰዋለን አለኝ። ጥለን አንሄድም ያሉ ጥቂት ተማሪዎችን ይዤ እስኪመሽ አጨድን፤ ጥጉንም አልነካነው። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፣ ማጭድ አይነሳም። እሑድ ከሰዓት ያለወቅቱ ዝናብ ወረደና ጤፉን ጭቃ ላይ አስተኛው። ሰኞ የመጣ ሰው የለም።

ፊልሙ አንደኛ ወጣ። ሴትዮዋን ንጹሕ ነጠላቸውን አስለብሰው በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም አመጧቸውና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ልጆቹ በውኃ ላባቸው ሲስቁ ታዩ። መጨረሻ ላይ ትልቅ የጤፍ ክምር መጣ፤ የጎረቤት ክምር ነው። አንዲት ተማሪ በሚያባባ ድምፅ፣ የእናታችንን ጤፍ አንድም ሳናስቀር ሰበሰብን ትላለች። አጠገቤ የተቀመጠ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው እንባውን ጠረገ።

ከዚያ ምስጋና እንዲያቀርቡ ሴትዮዋን መድረክ ላይ አወጧቸው። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልጆቼ፣ ክምሩን አሁን አየሁት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ዝናቡ የበላው መስሎኝ ሳለቅስ ነው የከረምሁ። የት እንደከመራችሁልኝ ንገሩኝና ቤቴ ላስገባው። ለዘር የሚሆን እንኳ የለኝም።»

መምህሩ ፈገግ ብሎ ማይክሮፎኑን ከእጃቸው ወሰደና እናታችን ደስታው ቃል አሳጣቸው አለ። ተጨበጨበ። እሳቸው ክምሩ ያለበትን እስኪነግሯቸው እዚያው ቆመው ይጠብቁ ነበር።