ቁጥር የሌላቸው ገጾች

ይህን ለባለቤቴም፣ ለመጋቢያችንም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አስቀድማችሁ ግን ማን መሆኔን እወቁልኝ፦ ዘመናዊ ኅትመትን ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ግቢያችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልኖር ኖሮ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እስከ ዛሬ እንደ ጥያ የጥንት ሰዎች ድንጋይ ላይ ይቀርጽ ነበር። እርግጥ ማሽኑን ያመጣው የጭነት መኪና ነው። እኔ ካርቶኑን በአንድ ጎን ይዤ ወገቤን ታመምኩ። ከዚያ ሌላ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምናዘዘውም እሱን ነው።

በኅትመት ክፍሉ ሁለት ነበርን። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ አትማለሁ፤ ጋሽ ዘበርጋ ገጾቹን ይደረድራሉ፣ ይጠርዛሉ። የእጃቸው ፍጥነት! የክትፎ ቢላ እንኳ እንዲያ አይሮጥም። አንድ ቀን ታዲያ ቁጥር የሌለው ወረቀት ገጠማቸውና ክፍሉ ባዶ መሆኑን አይተው ጠጋ አሉኝ።

«ወንድሜ፣ ከቁጥር በቀር ፊደል አላውቅም። ቤቴም አያውቁም፣ ቤተ ክርስቲያንም አያውቁም። ከአንተ አይውጣ።»

ለካ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን የሚከፍቱት፣ አጠገባቸው ያለው ሰው የከፈተውን ገጽ ቁጥር በጎን እያዩ ኖሯል! በአገራቸው በቸሃ «የዩኒቨርሲቲው ሰውዬ» ተብለው ለሽምግልና ይጠራሉ። ልጆቻቸው በአባታቸው ንባብ ይኮራሉ። ይህ ሁሉ ክብር በአንዲት ምስጢር ላይ ቆሟል። «እኔ መቃብር ነኝ ጋሼ» አልኳቸው። መቃብርስ የሰጡትን ይይዛል።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ተማሪው ከስልኩ ይልካል፣ መታወቂያውን ያስነካል፣ ወረቀቱ ተደርድሮና ተሰፍቶ ይወጣል። ከሁለታችን የሚቀረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። በአገልግሎት ዘመን ከተኬደ የሚቀሩት ጋሽ ዘበርጋ ናቸው። እናም እኔ፣ የግቢው አጫዋች፣ ለማሽኑ ምረቃ ቀን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ሰውና ማሽን ይወዳደሩ! አለቆቹ ወደዱት። ጋሽ ዘበርጋም «አንተ ወሬኛ፣ ደግሞ ከብረት ጋር ልታጋጥመኝ?» ብለው ሳቁ።

በዕለቱ ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ለእሳቸው የሚሰጠውን ጽሑፍ ከፍቼ የገጽ ቁጥሩን አጠፋሁ። አተምኩ። ወረቀቱን አዘበራረቅኩ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ሌላ ማንም አይደለም። ይህን ሁሉ ሳደርግ አፏጭ ነበር። ቀልድ ነው ብዬ ይሆን? ቀልድ ከሆነ በሩን ለምን ቆለፍኩ?

ተማሪው ግጥም ብሎ ሞላ። ማይክ የያዝኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ይተፋል፤ ጋሽ ዘበርጋ የመጀመሪያውን ወረቀት አንስተው ግርጌውን አዩ። ገለበጡት። ሁለተኛውን አነሱ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ በከንፈራቸው ብቻ «ቁጥሩስ?» አሉ። እኔ በማይክ፣ «ማሽኑ ጨረሰ! ጋሼ ገና አንደኛ ማርሽ ላይ ናቸው!» አልኩ። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እንዳገኙት ደርድረው ጠረዙት። አንዲት ተማሪ ተቀብላ ስትገልጠው መደምደሚያው ፊት፣ ምስጋናው መሃል ሆኖ ተገኘ። እንደገና ተሳቀ። ጋሽ ዘበርጋ ጋዎናቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩና ወጡ። አልተመለሱም።

እኔ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። በኃላፊነቴ መጀመሪያ ያረቀቅኩት ጽሑፍ የእሳቸው የስንብት ደብዳቤ ነው፦ «ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ»። መቃብሩ ተከፈተ።

ከወራት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቸሃ ወረድኩ። ክትፎ ቀረበልኝ፤ በላሁ። ከዚያ ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ወሰዱኝና ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ፖስታ አወጡ። አልተከፈተም።

«ማንን ላስነብብ? ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? በል አንብብልኝ።»

ከፈትኩት። የራሴን ዓረፍተ ነገሮች አየኋቸው። ድምፄን አጥርቼ፣ «ዩኒቨርሲቲው ለረጅም ዘመን አገልግሎትዎ በታላቅ አክብሮት ያመሰግናል፤ እርስዎን የሚተካ አይገኝም» ብዬ አነበብኩ። ማጋነን መቼ ይከብደኛል? ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ያን ቀን ቁጥሩን ማሽኑ ነው የበላው፣ አይደል?» አሉኝ።

«ማሽኑ ነው ጋሼ» አልኩ።

«ተባረክ» አሉኝ።

ከእግዜር በታች እንዲህ ያለ ምርቃት የተቀበለ ሌባ አለ?

ማሽኑ ዓመት ሳይሞላው ተበላሸ፤ አሁን ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ተማሪው ፍላሹን ይዞ በር ላይ ወዳሉት ሱቆች ይሄዳል። እኔ የጨርቁ ኃላፊ ነኝ።

በቅርቡ ወልቂጤ መናኸሪያ ትልቋ ልጃቸው አየችኝና መጣች። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ምናለ!

«አንተ መጥተህ በሄድክ ማግስት አባባ ደብዳቤውን ፍሬም አስገብታችሁ ሳሎን ስቀሉልኝ አለን» አለች። «አነበብነው። እናቴ አለቀሰች። ምንም ሳንል ሰቀልነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹አንብቡት› ይላል። ሰውም አንብቦ፣ እኛን አይቶ፣ ‹ደስ ይላል› ይለዋል።» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ምን ብለህ ነው ያነበብክለት?»

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ ቢደረግልኝ ያ ደብዳቤ ከግድግዳው ይወርዳል? ማውረድስ የሚቻለው እውነቱን ነግሮ ነው፤ እውነቱን ሰምተው ደግሞ ጋሼ በየትኛው ፊታቸው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ?

ልጅቷ ፊቴ እንደቆመች ነው። አጠገቤ ረዳቱ «ቡታጅራ! ቡታጅራ!» ይላል፤ ዘልዬ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። ቡታጅራ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ሄድኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ።