የእሁዷ ዋኔ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሶደሬ፣ አዋሽ ዳር ነበርን፤ እኔና የአሥር ዓመት ልጄ። ሚያዝያ ሲገባ ቅዳሜና እሁድ ወፍ መቁጠር ልማዳችን ነው። እኔ በሩቅ ማያ መነጽር አያለሁ፣ እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

"አባ፣ እዛ! ድልድዩ ላይ!" አለች። መነጽሬን አዞርኩ። ድልድዩ እንደሚጠበቅ ማን ልብ ብሎ! ወፏን ሳላገኛት ጠባቂዎቹ አገኙኝ። በጻፍኩት ነገር ከዚህ በፊት ሁለቴ ለምርመራ ተጠርቼ ስለነበር፣ የወፍ ወሬዬን የሚያምን ጠፋ።

ሲወስዱኝ ልጄ አላለቀሰችም። "እኔ ነኝ ያሳየሁህ" ብቻ አለች።

አዳማ ያስገቡኝ ክፍል ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ከሥሯ የሚቀመጠው በተራ ነው። ተራውን የሚያስጠብቀው ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ ነው። አዲስ ገቢ ሳምንቱን ሙሉ በሩ ጋ ይከርማል።

እሁድ ባለቤቴ የላከችው ምሳ ገባ። አልበላልህ አለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ፣ የአርሲ ሰው፣ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ፣ "ምነው ልጄ?" አሉኝ። የወፍ ቆጠራችንንና የልጄን ቃል ነገርኳቸው። ወደ ካቦው ዞሩ።

"የኔን ተራ ለሱ ስጠው። የእሁዱን ወፍ ይቁጠር።"

ካቦው ሳቀ። "በወፍ የታሰረ ገና ዛሬ አየሁ!" አለ፤ ግን ፈቀደ።

"እርስዎስ አባባ?" አልኳቸው።

"እኔ ወፉን፣ ሲምቢሮን፣ ከማሽላ ሳባርር ነው ያደግኩት። ዛሬ አንዷ እንኳ ብትመጣ ደስታዬ ነው።"

ጀሪካን ላይ ቆሜ የእንጀራ ፍርፋሪ መስኮቷ ላይ በተንኩ። ብዙ ቆይቶ አንዲት ዋኔ መጣች። ለቀመች፣ ክንፏን አራግፋ በረረች። አንድ ግራጫ ላባዋ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሽማግሌው አነሱትና "ላክላት" አሉኝ።

ወረቀት መላክ ክልክል ነው፤ የሚወጣው ባዶ ሳህን ብቻ ነው። ሳህኑን ከመጠጥ ውሃዬ ቀንሼ አጠብኩት፣ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩት፣ ላባውን አኖርኩበት።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ጠባቂው።

"ላባ ነው። ለልጄ።"

ገልብጦ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ መለሰና ክዳኑን ገጠመው።

ከአራት ወር በኋላ ስፈታ ሽማግሌው እዚያው ቀሩ። ዛሬም ይናፍቁኛል። ደብተሩን ስገልጥ ላባው በፕላስተር ተለጥፏል፤ ከሥሩ በልጄ እጅ እንዲህ ይላል፦ "እሁድ። ዋኔ፣ አንድ። ያየው አባ። የጻፍኩት እኔ።"

አሁንም ከእኔ ቀድማ ታያለች። ጣቷን ቀስራ "አባ፣ እዛ!" ስትለኝ፣ እዞራለሁ።